እጀታው የማን ነው?

ራቤል ገበያ ወጥቶ መጥረቢያ የሚገዛ ሰው ይዞ የሚመለሰው ብረቱን ብቻ ነው። ዛቢያውን ማንም አይሸጥለትም፤ እሱም ከማንም አይጠብቅም። ቤቱ ሲገባ ወይራ ቆርጦ፣ ልጡን ልጦ፣ ጥላ ውስጥ አድርቆ፣ በመዳፉ እየለካ ራሱ ይጠርበዋል። ማጭዱም፣ መቆፈሪያውም እንዲሁ ነው። እርፍማ ጭራሽ የተለየ ነው። አራሽ አንድ እጁ ጅራፍ ስለሚይዝ እርፉን የሚጨብጠው በአንድ እጁ ብቻ ነው። ስለዚህ የእርፉ ቁመት ከባለቤቱ ወገብ፣ ውፍረቱ ደግሞ ከባለቤቱ መዳፍ ጋር ካልተስማማ ቀኑን ሙሉ ሲታገለው ይውላል። በወንፈል ሄዶ የሰው እርፍ ይዞ ያረሰ ገበሬ ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ መዳፉን እያሸ «የእገሌ እርፍ ጨረሰኝ» ይላል እንጂ «መሬቱ ከበደኝ» አይልም።

ራቤል የግሼ ወረዳ ከተማ ናት። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በመሐል ሜዳ በኩል ወደ ሰሜን ለሚጓዝ መንገደኛ፣ ብርዱና ገብሱ፣ በጉና ባናው ከዓይኑ ሳይርቁ ወሎን ወደሚያዋስነው ዳር ያደርሱታል። የአባቴ ወገን ከዚያ ነው። እዚያ አገር ለእጅ የማይለካ እጀታ አለ ቢባል አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የጠመንጃ ነው። ጠመንጃና ሽጉጥ ከባሕር ማዶ የሚመጡት ተጠርበው፣ ተለክተው፣ አልቆላቸው ነው። የተለኩት ግን በማን እጅ ነው? እኛ ባላየነው፣ እሱም እኛን ባላየን ሰው እጅ ነው።

ሥራው የተጀመረው በስሙ ነበር ማለት ይቻላል። ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» ያሉትን ጠመንጃ እኛ «ውጅግራ» አልነው። «ለቤል» የተባለው «ለበን» ሆነ። «ማንሊኸር» ደግሞ ብዙ ከተፈተገ በኋላ «ምንሽር» ሆኖ ወጣ። ስሙን ለአፋችን እንዲመች አድርገን ጠርበነዋል። ዛሬ ምንሽር የሚለውን ቃል የሰማ የመንዝ ሽማግሌ ቃሉ ከውጭ የመጣ ነው ቢሉት አያምንም። ብረቱንና እንጨቱን ግን እንዳመጣጡ ተቀበልነው።

የመጣው በብዙ መንገድ ነው። በ1830ዎቹ ዓ.ም. ካፒቴን ሃሪስ የሚባል እንግሊዛዊ የመራው መልእክተኛ ቡድን ለሸዋው ንጉሥ ለሣህለ ሥላሴ ካቀረበው ገጸ በረከት ውስጥ ጠመንጃዎች ይገኙበት ነበር። የሸዋ ነገሥታት የትውልድ ሐረግ የሚመዘዘው ከመንዝ ነውና፣ ነገሩ ከሰፈራችን ብዙም የራቀ አይደለም። ከዚያ በኋላ በታጁራና በሐረር በኩል በነጋዴ ግመል የመጣው፣ ዓድዋ ላይ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተማረከው፣ በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን ከጣሊያን እጅ የተነጠቀው፣ በመጨረሻም በ1933 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጦር ጋር የገባው ይቆጠራል።

ከእነዚህ ሁሉ ስሙ የገነነው አንድ ሽጉጥ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ነፍሳቸውን ያጠፉበት ሽጉጥ ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ የላከችላቸው እንደነበር ሁላችንም ተምረናል። ብዙዎቻችን ልብ የማንለው እጀታውን ነው። በእጀታው ላይ የብር ጽሑፍ ተለጥፎበት ነበር። ጽሑፉ ስጦታው ንጉሠ ነገሥቱ ለንግሥቲቱ አገልጋይ ለፕላውደን ላደረጉት ደግነት የምስጋና ምልክት መሆኑን ይናገራል። እስቲ አስቡት፤ እጀታው ላይ የሰጪዋ ስም አለ፤ የአገልጋይዋ ስም አለ፤ የተቀባዩም ስም አለ። የተቀባዩ የእጅ ልክ ግን የለበትም። በመዳፍ ሥር ያለ ብር ጽሑፉ ቢያምርም ለጨበጠው እጅ የሚጨምርለት ነገር የለም።

ይህን ሁሉ የማወራው ስለ አንድ ሌላ ሽጉጥ እጀታ ልነግራችሁ ስለፈለግሁ ነው። ያ ሽጉጥ ታሪክ መጽሐፍ ላይ የለም። የአያቴ ነበር።

አያቴ በጣሊያን ጊዜ ጎረምሳ ነበር። ከመንዝ አርበኞች ጋር ሲዋጋ የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች፣ የቀለበት ጣቱንና ትንሿን ጣቱን፣ አጣ። ነጻነት ሲመለስ አንድ ትልቅ የእንግሊዝ ሽጉጥ አገኘ። ዌብሊ የሚሉት፣ በመሐሉ ተሰብሮ ጥይት የሚጎርስ፣ ስድስት ጎራሽ ነው። እንግሊዞች ይህንን ስድስተኛውን ዓይነት ዌብሊ ለጦራቸው ማደል የጀመሩት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ በ1915 እ.ኤ.አ. ነው። ክብደቱ ከአንድ ኪሎ ያልፋል። የጥይቱ ውፍረት ከአንድ ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። እጀታው ከታች እየሰፋ የሚሄድ፣ ጫፉ ማዕዘን የሆነ፣ ግራና ቀኙ እንደ ቀንድ በጠነከረ ጥቁር ጎማ የተለበጠ ነበር። ለአምስት ጣት የተሠራ ነው። ያውም ለረጃጅም ጣቶች።

ትልቅ ሽጉጥ ሲተኮስ ሁለት ነገር ያደርጋል። ወደ ኋላ ይገፋል፤ አፈሙዙም ወደ ላይ ይነሣል። ወደ ላይ የሚነሣበት ምክንያት ቀላል ነው። በርሜሉ ያለው ከጨበጠው እጅ በላይ ነው። ግፊቱ በላይ በኩል ሲመጣ፣ እጅ ከታች ሲይዝ፣ መሣሪያው በእጅ ውስጥ እንደ ቁልፍ ይዞራል። ይህን መዞር የሚያግደው የታችኛው የእጀታ ክፍል ነው፤ እሱን የሚይዙት ደግሞ የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ናቸው። አያቴ ያጣው እነዚህኑ ነበር። በዚህም ላይ በቃታው መከለያና በእጀታው መካከል ክፍተት አለ። የመሐል ጣቱ እዚያ ክፍተት ውስጥ ይገባና በተኮሰ ቁጥር አንጓው በመከለያው ብረት ይመታል። ከኋላ ያለው የእጀታው አከርካሪ ደግሞ ጠባብ ብረት ነው። ቀጭን ተረከዝ ያለው ጫማ ወለል እንደሚበሳ ሁሉ፣ ጠባብ ብረትም ያንኑ ግፊት በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ባለችው ስስ ሥጋ ላይ ያሳርፈዋል። አክስቴ እንደምትለው አያቴ አንድ ጥይት ተኩሶ ለሁለት ቀን እንጀራ በግራ እጁ ይጎርስ ነበር።

ለአንድ ትልቅ ሰው ይህ ነውር ነው። ሠርግ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ጥምቀት አለ። ተኩስ የሚጠበቅበት ቀን ብዙ ነው። በመጨረሻ በ1948 ዓ.ም. ባለ እጅ አስጠራ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን «ባለ እጅ» የሚለውን ቃል እንመልከተው። ቃሉ እጅ ያለው ማለት ነው። እንግዲህ ሌላው ሰው ምን ነበረው? ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቆዳ ፋቂውን፣ ሸማኔውን አንድ ላይ በዚህ ስም ስንጠራ ሳናስበው ትልቅ ምስጋና ሰጥተናል። ቃሉ ሲነገር ግን ምስጋና አልነበረም። ባለ እጅ ቡዳ ነው ተባለ። ሌሊት ጅብ ይሆናል ተባለ። ዓይኑ ሕፃን ይበላል ተባለ። ከእሱ ጋር በአንድ ገበታ መብላት፣ ልጅ ሰጥቶ ልጅ መቀበል የማይታሰብ ሆነ። ማረሻውን ሳይሠራለት ገበሬ አያርስም፤ ገበሬው ግን የሚያርሰውን ርስት ከባለ እጁ ጋር አይካፈልም።

ነገሥታቱ ይህ ነገር አገር እንደሚጎዳ የገባቸው ጊዜ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የፈረንጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው ወደ ሰባት ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ያሠሩት፣ የእጅ ሙያ የሌለው መንግሥት በሰው እጅ የሚኖር መሆኑን ስለተረዱ ነው። ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ግሼ ለመድረስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅበት ግን አያቴ ቤት በ1948 ዓ.ም. የሆነውን ሰምታችሁ ፍረዱ።

ባለ እጁ መጣ። በዕድሜ አያቴን ይበልጠዋል። ቢሆንም አያቴ «አንተ» አለው፤ እሱ ደግሞ «ጌታው፣ እርስዎ» አለ። የተቀመጠው ከአጥር ውጭ፣ ድንጋይ ላይ ነው። ጠላ የተሰጠው ለእሱ ብቻ በተለየ ቅል ነው። ያን ጊዜ የስምንት ዓመት ልጅ የነበረችው አክስቴ ከአጥሩ ቀዳዳ ታይ ነበር። እናቷ «ዓይኑን እንዳታዪው» ብላታለች። እሷ ግን ያየችው ዓይኑን ሳይሆን እጁን ነው።

ሽጉጡን ተቀበለ፤ ጥይት እንደሌለበት ከፍቶ አየ፤ መለሰ። ቀጥሎ ጥያቄው ስለ ብረቱ አልነበረም። «ጌታው፣ እጅዎን ያምጡ» አለ። አያቴ እጁን ዘረጋ። ባለ እጁ የጎደሉትን ጣቶች ጉጥ በአውራ ጣቱ ደባበሰ፤ ያሉትን ጣቶች አጠፈ፤ ዘረጋ፤ የመዳፉን ወርድ በስንዝሩ ለካ። ከዚያ ከጨርቅ ውስጥ ሰም አወጣና በትንፋሹና በመዳፉ አለስልሶ በሽጉጡ እጀታ ላይ ለጠፈ። «ይጨብጡት፤ እንደሚተኩሱ አድርገው» አለው። አያቴ ጨበጠ። ሰሙ በጣቶቹ መካከል እየፈሰሰ ጎደሎውን ሁሉ ሞላ። ሲለቅ የእጁ መልክ እጀታው ላይ ቀርቶ ነበር።

አክስቴ እስከ ዛሬ የምትገረመው በዚህ ነው። «አባቴ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ያንን ሰውዬ ጨብጦት አያውቅም» ትላለች። ሽጉጡ እንዲመቸው ሲል እጁን ሰጠው። ሰላም ሊለው ግን እጁን አልሰጠውም።

ሥራው ሁለት ሳምንት ያህል ፈጀ። ባለ እጁ ጥቁሩን ጎማ አውልቆ በምትኩ የቆየ፣ የደረቀ ወይራ ለሁለት ከፍሎ ገጠመ። በቃታው መከለያ ጀርባ ያለውን ክፍተት ከዚያው ወይራ በወጣ ምላስ ደፈነው። አሁን የመሐል ጣት ብረት መምታቱ ቀርቶ እንጨት ላይ ያርፋል። እጅም ከፍ ብሎ ወደ በርሜሉ ስለሚጠጋ አፈሙዙ እንደ ቀድሞው አይነሣም። ከኋላ እንጨቱን ከብረቱ አከርካሪ ትንሽ አሳልፎ አወጣው፤ ግፊቱ በሰፊ ቦታ እንዲያርፍ ነው። ከታች ደግሞ የብረቱን የሾለ ማዕዘን በሞረድ አጎደለና እንጨቱን ወደ መዳፉ ውስጥ አሳበጠው። የጠፉት ሁለት ጣቶች ይይዙት የነበረውን ሥፍራ መዳፉ ራሱ እንዲይዝ አደረገ። ገጹን በጠርሙስ ስባሪ ፍቆ፣ ቅቤ አጠጥቶ፣ በአንድ ብሎን አሰረው። ዋጋው ሁለት ቁና ገብስ ነበር። አያቴ ያን ዕለት ሦስት ጥይት ተኩሶ ማታ በቀኝ እጁ ጎረሰ።

ከብዙ ዓመት በኋላ የጋዜጠኝነት ትምህርቴን ጨርሼ ወዲያ ወዲህ ስጽፍ፣ ይኸው ነገር በሌላ አገር እንዴት እንደ ሆነ የማንበብ ዕድል ገጠመኝ። አሜሪካኖች በ1873 እ.ኤ.አ. የወጣውን ኮልት ሽጉጥ እጀታ ምን ብለው እንደሚጠሩት ታውቃላችሁ? የእርፍ እጀታ! የጎበጠ መልኩ ገበሬ ከሚጨብጠው እርፍ ጋር ስለሚመሳሰል ነው። ይህንን ሳነብ ኮልትን ለመጀመሪያ ጊዜ የጨበጠ የግሼ ገበሬ ከአሜሪካ ገበሬ ጋር የሚግባባበት አንድ ቃል እንዳለ ተሰማኝ።

የእርፉ እጀታ ለመካከለኛ ጥይት ምቹ ነበር። ሲተኮስ በእጅ ውስጥ እየተንከባለለ ግፊቱን ያበርዳል። ጥይቱ እየበረታ ሲሄድ ግን መንከባለሉ ራሱ ጣጣ ሆነ። ኮልት በ1894 እ.ኤ.አ. ቢዝሊ የሚባል፣ የኋላ አከርካሪው ወደ ላይ ከፍ ያለ እጀታ አወጣ። በ1920ዎቹ መጨረሻ ኤልመር ኪት የሚባል የጦር መሣሪያ ጸሐፊ የሁለቱን ኮልቶች እጀታ አጣምሮ ለራሱ እጅ የሚስማማ ሽጉጥ አሠራ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ማግነም የሚሉት ኃይለኛ ጥይት ሲወጣ ችግሩ ባሰ። ሩገር የተባለው ኩባንያ በ1959 ትልቅ እጀታ ሠራለት። የቃታ መከለያው ጀርባ ማዕዘን ስለ ነበር የመሐል ጣታቸው አንጓ የተመታ ተኳሾች ብዙ አጉረምርመዋል። በ1980ዎቹ ተመልሶ በቢዝሊ መልክ ሌላ እጀታ መጣ። ክፍተቱን የሚደፍን ምላስም በየሱቁ ይሸጣል። በአጭሩ፣ ግሼ ውስጥ አንድ ሰው በሰምና በሞረድ በሁለት ሳምንት የደረሰበትን ሐሳብ እነሱም ደርሰውበታል። የአያቴ ባለ እጅ ስለ ቢዝሊም ስለ ኪትም አልሰማም። የሚያውቀው እጅን ነው።

ልዩነቱ አንድ ነው። እነሱ አገር እጀታውን ያሻሻለው ሰው ስሙ ይጻፋል፤ መሣሪያው በእሱ ስም ይጠራል፤ ልጆቹም ይኮሩበታል። የአያቴን እጀታ የሠራውን ሰው ስም እኛ ቤት የሚያውቅ የለም። አክስቴም የምታውቀው «ባለ እጁ» ብላ ነው።

ከዚህ የሚገርመው ደግሞ ሌላ ነው። ዶናልድ ሌቪን የሚባል አሜሪካዊ ምሁር በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ መንዝ ውስጥ ኖሮ ያጠናውን በ1965 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አድርጎ አሳተመ። ርእሱን «ሰምና ወርቅ» አለው። እኛም በቅኔያችን ሰምና ወርቅ እንኮራለን፤ የጥበባችን ጫፍ ነው እንላለን። ለመሆኑ ይህ ስም የመጣው ከየት ነው? ከደብተራው ቤት አይደለም፤ ከአንጥረኛው ቤት ነው። አንጥረኛ ጌጡን በመጀመሪያ በሰም ይሠራዋል፤ በጭቃ ይሸፍነዋል፤ እሳት ሲነካው ሰሙ ፈስሶ ይወጣል፤ በባዶው ሥፍራ ወርቁ ይገባል። የተማረው ሰው የረቀቀ ንግግሩን መሰየሚያ ሲያጣ ከባለ እጁ ወርክሾፕ ተበደረ። ቃሉን ወሰደና ሰውየውን ከአጥር ውጭ ተወው። አያቴም እንዲሁ ነው። ሰሙ ላይ እጁን አሳረፈ፤ ወርቁን ይዞ ገባ።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ «ቆይ፣ ሽጉጥን ምቹ ማድረግ ራሱ ምን ምስጋና አለው?» ሊለኝ ይችላል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የሚያም መሣሪያ ባለቤቱን ይመክረዋል፤ ከመተኮሱ በፊት አንድ ጊዜ ያሳስበዋል። የተመቸ መሣሪያ ምክር የለውም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ስንት ቤት ሐዘን እንደገባ እያየን፣ የመሣሪያ ምቾትን እንደ ሙያ ብቻ አድንቆ ማለፍ ልብን ይከብደዋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያ ያለ ፈቃድ እንዳይያዝ ይላል። ሕግ የሚቆጥረው ብረቱን ነው፤ በብረቱ ላይ የተመታውን ቁጥር ነው። የእጁን ነገር ሕግ አይደርስበትም። እኔም ባለ እጁን የማደንቀው ሽጉጥ ስላሳመረ አይደለም። የቆሰለ እጅ ተሰጥቶት፣ የጎደለውን ለክቶ፣ በጎደለው ልክ ስለ ሞላ ነው። ያንኑ ሙያ ለእርፍም፣ ለማጭድም፣ ለማሳሻም ያውለው ነበር። ሽጉጡን ያስቀደምነው እኛ ነን። ፉከራውም ለያዘው እንጂ ለሠራው ተፎክሮ አያውቅም።

የሽጉጡ ታሪክ የተፈጸመው በ1983 ዓ.ም. ነው። መንግሥት ሲለወጥ መሣሪያ ይሰበሰብ ነበርና አያቴንም «አምጣ» አሉት። አልተከራከረም። ቤት ገብቶ ብሎኑን ፈታ፤ ሁለቱን የወይራ ገጾችና ምላሷን አውጥቶ ለአያቴ፣ ለሴቷ አያቴ ማለቴ ነው፣ ሰጣት። እርቃኑን የቀረውን ብረት ይዞ ወጣ። «እጀታውስ?» ሲሉት «ብረቱ የእንግሊዝ ነው፣ ውሰዱት፤ እንጨቱ የራሴ እጅ ነው» አለ ይባላል። ከሦስት ዓመት በኋላ ዐረፈ። እንጨቱ በሴቷ አያቴ ሙዳይ ውስጥ ነበር፤ በኋላ ወደ አክስቴ ሙዳይ ተዛወረ። ልጅ ሆኜ አውጥቼ ስጨብጠው ጣቶቼ የማይሞሉት ጉድጓድ ነበረበት። ከታች በኩል ያለው እብጠት ደግሞ ለምን እንደ ተሠራ አይገባኝም ነበር። ለእኔ አልተሠራማ።

በ2009 ዓ.ም. የአክስቴ ልጅ ላግባ አለች። ልጁ ደብረ ብርሃን የብረታ ብረት ሥራ ቤት ያለው፣ በርና መስኮት የሚበይድ፣ ጠንቃቃ ሠራተኛ ነው። ቤተሰቡ ከግሼ ነው ተባለ። ሽማግሌ ሲመጣ፣ በእኛ አገር ደንብ፣ አጥንቱ ተጠየቀ። አጥንቱ ሲቆጠር ከዚያው ከባለ እጁ ዘንድ ደረሰ። የልጅ ልጁ ነበር።

አክስቴ እምቢ አለች። ማልቀስም፣ መለመንም፣ ካህን ማምጣትም አልጠቀመም። እሷ ክፉ ሴት አይደለችም። ለተራበ እንጀራ የምታወጣ፣ ለታመመ ሌሊት የምትነሣ ሴት ናት። ግን በስምንት ዓመቷ «ዓይኑን እንዳታዪው» የተባለችው ነገር በስልሳ ዘጠኝ ዓመቷም አልለቀቃትም። ያን ቀን እዚያው ቤት ነበርሁ። የአክስቴ ልጅ ተነሥታ ሙዳዩን ከፈተችና የወይራውን እንጨት አወጣች። «እንግዲያው ይህንን ስጪኝ፤ ሌላ ጥሎሽ አልፈልግም» አለች።

«የአባቴ እጅ ነው፤ አልሰጥም» አለች አክስቴ።

«የእሱም አያት እጅ ነው» አለች ልጅቷ።

ማንም መልስ አልሰጠም። እንጨቱ ወደ ሙዳዩ ተመለሰ። ሠርጉ ደብረ ብርሃን ተደረገ፤ እናት አልመጣችም። ሁለት ልጆች ተወለዱ። ለመጀመሪያው ክርስትና አልመጣችም። ለሁለተኛው መጣች፤ በር ላይ ባለው ወንበር ተቀምጣ፣ ልጁን አቅፋ፣ ምሳ ሳትበላ ሄደች። ይህም ለእሷ ብዙ ነው፤ እኛም እንደ ብዙ ቆጠርነው።

ባለፈው ክረምት ጉልበቷ ደከመና ለሕክምና ደብረ ብርሃን መጥታ እልጇ ቤት አረፈች። የገዙላት ምርኩዝ የፋብሪካ ነበር፤ እጀታው ቀጥ ያለ፣ የሚያንሸራትት። በጣት ቁርጥማት የጎበጠው እጇ አልጨብጥ አለው። አማቿ አንድ ማታ ከሥራ ሲመለስ ያንን ምርኩዝ አንሥቶ አየው፤ መለሰው። ከዚያ ከፊቷ በርከክ ብሎ «እማማ፣ እጅዎን ያምጡ» አላት።

ለምን ያህል ጊዜ ዝም እንዳለች የነገረችኝ ልጇ ናት። ከዚያ ዘረጋችለት። ጣቶቿን አንድ በአንድ አጥፎ ለካ። ምርኩዙ በሦስተኛው ቀን አለቀ፤ እጀታው ወይራ ነው። ስለ እሱ እስካሁን ለማንም ምንም አላለችም። ይዛው ግን ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች።